ከእህል በረንዳ እስከ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል

ባልትና የሚጀምረው ከወጥ ቤት ነው ይባላል። ጠለቅ ብለን ካየነው ግን የሚጀምረው ከገበያ ነው። ጤፉን አይታ ካልለየች፣ ጌሾውን አሽትታ ካልመረጠች፣ ባለሙያ የተባለች የቤት እመቤትም ብትሆን እንጀራዋ ዓይን አያወጣም፤ ጠላዋም አይጣፍጥም። ይህን እናቶቻችን አስቀድመው ያውቁታል። ዛሬ በዚህ ዓምድ ለማሳሰብ የፈለግነው ደግሞ ባልትና ከገበያም በፊት የሚጀምርበት ቦታ መኖሩን ነው። ይኸውም ተክሉ ራሱ ነው። ስለዚህ እርስዎን በመጀመሪያ መርካቶ እህል በረንዳ አድርሰን፣ ከዚያም ቀስ እያልን ወደ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል እንወስድዎታለን። ለጉብኝቱ ግማሽ ቀን ይበቃል፤ ትርፉ ግን ለልጅ ልጅ የሚቆይ ነው።

እህል በረንዳን በስም የማያውቅ የአዲስ አበባ ቤተሰብ ጥቂት ነው። መርካቶ የአሁኑን ቦታዋን የያዘችው በጣልያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ገበያው ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር በተደረገ ጊዜ ነው። በመርካቶ ውስጥ እያንዳንዱ ተራና በረንዳ በሚሸጥበት ዕቃ እንደሚጠራ ሁሉ፣ እህል በረንዳም ስሙን ያገኘው ከእህሉ ነው። ከጎጃም፣ ከአድአ፣ ከበቾና ከሌላውም አገር የመጣ ጤፍ ሲራገፍ፣ ወዛደሩ ኩንታሉን በትከሻው ተሸክሞ «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» እያለ ሲያልፍ፣ የጆንያው አቧራ ሲቦን፣ በአንድ በኩል ደላላው ሲያስማማ፣ በሌላ በኩል ሴቶች ወንፊትና ሰፌድ ይዘው ሲያበጥሩ ማየት የዚህ ሰፈር የተለመደ ትርዒት ነው።

እዚያ ቆማ ጤፍ የምትገዛ አንዲት የቤት እመቤት የምታደርገውን ልብ ብለው ተመልክተው ያውቃሉ? እጇን የምትሰድደው ከጆንያው አፍ ላይ አይደለም፤ ጠለቅ አድርጋ ወደ ውስጥ ነው። ላይ ላዩ ለዓይን የተሰናዳ ሊሆን እንደሚችል ታውቃለችና። ያወጣችውን በመዳፏ ዘርግታ እፍ ትላለች፤ ገለባውን ታያለች፤ ታሸትታለች፤ አሸዋ እንዳለበት ለማወቅ ጥቂት ፍሬ በጥርሷ ትሞክራለች። ማኛውን ከነጩ፣ ሠርገኛውን ከቀዩ፣ የዘንድሮውን ከከረመው ትለያለች። ሽምብራ ወይም ባቄላ የሆነ እንደሆነ ነቀዝ የበሳውን ቀዳዳ ፈልጋ ታገኛለች። ይህ ሁሉ ያለ መነጽርና ያለ መጽሐፍ የሚካሄድ ምርመራ ነው። ትልቅ ዕውቀት ነው። እንደ ዕውቀት የማንቆጥረው በየቀኑ በእናቶች እጅ ሲሠራ ስለምናየው ብቻ ነው።

እስቲ አሁን ደግሞ ከዚህች እናት ጋር ዘንቢል ይዞ የመጣውን ልጅ ጥቂት ጥያቄ እንጠይቀው። ጤፍ በማሳ ላይ ሳለ ምን ይመስላል? የኑግ አበባ ቀለሙ ምንድን ነው? ጌሾ ሣር ነው ወይስ ቁጥቋጦ? ኮረሪማ የሚበቅለው በደጋ ነው ወይስ በጥላ ጫካ? ልጁ ምናልባት ይስቅ ይሆናል እንጂ አይመልስም። ለእሱ ጤፍ ማለት በጆንያ ያለ ነገር ነው፤ ኑግም በጠርሙስ ያለ ዘይት ነው። እናቱም በልጅነቷ ወደ ከተማ የገባች ከሆነች ግማሹን ብቻ ልትመልስ ትችላለች። ሁሉንም የምትመልሰው ቤት የቀረችው አያት ናት። በአንድ ጣራ ሥር ሦስት ትውልድ እየኖረ፣ ዕውቀቱ ግን ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ሳይደርስ በመካከል እየተቋረጠ ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ቁም ነገርም ይኸው ነው።

የአገር ልጅና እንግዳ

ከበረንዳው ሳንወጣ በፊት፣ በዓይንዎ የሚያዩትን ሁሉ የአገር ልጅና እንግዳ ብለው ቢለዩት ብዙ የሚገርም ነገር ያገኛሉ። ያለ እርሱ ወጥ ወጥ የማይመስለን በርበሬ ትውልዱ ከአሜሪካ ነው። በቆሎውም ድንቹም እንዲሁ ከዚያው ከባሕር ማዶ የመጡ ናቸው። ስንዴ፣ ምስርና ሽምብራ ከመካከለኛው ምሥራቅ በኩል እጅግ በጥንት ዘመን ገብተው ለምደው አገሬ ሆነዋል። በአንጻሩ ጤፍ፣ ኑግና እንሰት ለመጀመሪያ ጊዜ ተላምደው የታረሱት በዚህችው በአገራችን ነው። ቡናና ኮረሪማም የደቡብ ምዕራብ ደኖቻችን ልጆች ናቸው።

ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በየገበያውና በየማሳው እየዞረ የዘር ናሙና ሰብስቦ ነበር። የገብሱን፣ የስንዴውንና የሌላውንም እህል ዓይነት ብዛት አይቶ እጅግ በመደነቅ፣ ኢትዮጵያን በዓለም ላይ የሰብል ዝርያ ሀብት ከሚገኝባቸው ጥቂት ማዕከሎች እንደ አንዱ አድርጎ ቆጥሯታል። ከዓመታት በኋላ ከኢትዮጵያ ገብስ የተገኘ በሽታን የመቋቋም ባሕርይ በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ የገብስ ማሳዎችን ቢጫ አድርጎ ከሚያጫጭ የቫይረስ በሽታ ለማዳን አገልግሏል። ይህን ዘር ከዓመት ወደ ዓመት መርጦ፣ በጎታና በቅል አስቀምጦ ያቆየው ማን ነው ቢሉ፣ ገበሬውና ባለቤቱ ናቸው። ለዘር የሚሆነውን ከሚበላው ለይታ የምታስቀምጥ ያቺው የገጠር እናት ናት።

ያልተመዘገበና ያልታወቀ ሀብት ደግሞ ባለቤቱ ሳይነሣ ሌላ ሊወስደው ይችላል። ለምሳሌ ያህል አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ እ.ኤ.አ. በ2007 በአውሮፓ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አግኝቶ ነበር። በዚያው አገር የሄግ ከተማ ፍርድ ቤት ጉዳዩን መርምሮ፣ ነገሩ አዲስ ፈጠራ የለበትም በማለት መብቱን በኔዘርላንድ ውድቅ ያደረገው በ2018 ነው። ጤፍ ማስፈጨትና ማቡካት ለእናቶቻችን አዲስ ነገር አለመሆኑን የሚጠራጠር ኢትዮጵያዊ ባይኖርም፣ በዓለም ፊት ግን የሚያስረዳው መዝገብና ጽሑፍ ነው። እንግዲህ ተክሎችን በስማቸው የማወቅና የመመዝገብ ጉዳይ የሊቃውንት መዝናኛ ብቻ አለመሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

መናፈሻና የዕፅዋት ማዕከል

የዕፅዋት ማዕከል ሲባል ብዙ ሰው አበባ የተተከለበት መናፈሻ ይመስለዋል። በሁለቱ መካከል ግን ልዩነት አለ። መናፈሻ ለዓይንና ለዕረፍት ነው። የዕፅዋት ማዕከል ግን እያንዳንዱ ተክል ከየት እንደ መጣ የሚታወቅበት፣ ስሙ የሚጻፍለት፣ ዘሩ የሚጠበቅበትና የሚጠናበት ቦታ ነው። በዓለም ላይ ከተመሠረቱት ውስጥ እስከ ዛሬ በመጀመሪያ ቦታው የሚገኘው ጥንታዊው የዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ማዕከል በጣልያን አገር በፓዱዋ ከተማ ያለው ሲሆን፣ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1545 ነው። መነሻውም የመድኃኒት ዕፅዋት ነበሩ፤ የሕክምና ተማሪዎች እውነተኛውን መድኃኒት ከተመሳሳዩ እንዲለዩ ታስቦ ነው። ይህ አሳብ ለእኛ እናቶች እንግዳ አይደለም። በእህል በረንዳ ጤፉን በመዳፏ ይዛ ከተቀላቀለው የምትለየው እናትና የፓዱዋው ተማሪ የሚሠሩት ሥራ አንድ ነው።

የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል የሚገኘው ከአዲስ አበባ ሰሜን ምዕራብ ዳር፣ ከእንጦጦ ሰንሰለት ጋር በተያያዘው ተራራማ ቦታ ላይ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በከተማው አስተዳደር ትብብር በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የተቋቋመ ሲሆን፣ ስፋቱ ከ700 ሔክታር ይበልጣል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነ፣ ከመርካቶ ጭንቅንቅ ወጥተው እዚያ ሲደርሱ መጀመሪያ የሚቀበልዎ ቀዝቀዝ ያለ ነፋስ ነው። የጥሩንባው ጩኸት ይርቃል። ልጆችም ሳይነገራቸው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

ቦታው ከመቋቋሙ በፊት አብዛኛው የባሕር ዛፍ ምድር ነበር። ስሙ እንደሚያመለክተው ባሕር ዛፍ ከባሕር ማዶ፣ ከአውስትራሊያ የመጣ ነው። ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ነው። አዲስ አበባ በዚያን ጊዜ ማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት አጥታ ስለ ተቸገረች፣ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ተደርሶ ነበር። ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ከተማዋን አቆያት ማለት ይቻላል። ውለታውን መካድ አይገባም። ነገር ግን ውኃ አብዝቶ ይጠጣል፤ ከሥሩም ሌላ ቡቃያ በቀላሉ አያስጠጋም። የእንጦጦን ቁልቁለት የቅጠልና የጭራሮ ሸክም ጀርባቸው ላይ አድርገው ለብዙ ዓመታት የወረዱት ሴቶችም የዚሁ ታሪክ ክፍል ናቸው። ከተማው እንጀራውን የበላው በእነርሱ ጀርባ ነው። በጉለሌ የባሕር ዛፉ ቦታ በአገር በቀል ዛፎች እየተተካ መሄዱን ሲያዩ፣ ያንን የእናቶች ሸክም ሳያስታውሱ ማለፍ አይገባም።

ቀስ ብሎ መራመድ

የዕፅዋት ማዕከል የሚጎበኘው በችኮላ አይደለም። ሁሉን ልይ ያለ ምንም ሳያይ ይመለሳል። በአንድ ጊዜ አሥር ተክል በደንብ ማወቅ ይበቃል። ከዛፎቹ እንጀምር።

ጽድን ሁሉም ሰው አውቀዋለሁ ይላል። ሆኖም በየግቢው አጥር ሆኖ የምናየው አብዛኛው የፈረንጅ ጽድ ነው። ልዩነቱን ለልጅዎ ለማሳየት ፍሬውን መመልከት ይበቃል። የአገራችን ጽድ ፍሬው ትንሽ፣ ለስላሳና ወደ ሰማያዊነት የሚያደላ እንክብል ሲሆን፣ የፈረንጁ ግን እንጨት የሆነ ደረቅ ፍሬ ነው። ከዚያ ወደ ወይራው ጠጋ ይበሉ። ቅጠሉን ሳይቀነጥሱ ገልበጥ አድርገው ይዩት፤ ከላይ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ፣ ከሥር ግን ፈዘዝ ያለ ወርቅማ ቡናማ ነው። የወተት ዕቃ የሚታጠነው በዚህ ዛፍ ነው፤ መፋቂያውም ከዚሁ ይቆረጣል። የወይራ ጢስ ለሽታ ብቻ አይደለም፤ በዕቃው ውስጥ የቀሩ ጀርሞችን ስለሚቀንስ ወተቱና እርጎው ቶሎ እንዳይበላሽ ያግዛል። እናቶቻችን ጀርም የሚለውን ቃል ሳይሰሙ ሥራውን ይሠሩት ነበር።

ኮሶ ደግሞ ቅጠሉ እንደ ላባ የተደረደረ፣ አበባው ቁልቁል የተንዠረገገ ያማረ ዛፍ ነው። ሴቴና ወንዴው ዛፍ ለየብቻ መሆኑን ብዙዎቻችን አናውቅም። አበባው ቀላ ያለው ሴቴው ሲሆን፣ ጥሬ ሥጋ የሚበላው ሕዝባችን ለብዙ መቶ ዓመታት በየሁለት ወሩ ይጠጣ የነበረው ከዚሁ የሚዘጋጀውን መድኃኒት ነው። ልጆች በኮሶ መራራነት ሲቀለድ ሰምተው ይሆናል፤ ዛፉን ያዩት ግን ጥቂቶች ናቸው።

ከዛፎቹ ዝቅ ሲሉ ቁጥቋጦው ይመጣል። ቀጋ እሾሃም ነው፤ አበባው ነጭ ነው፤ ፍሬው ሲበስል ይቀላል። እረኞች የሚበሉት ይህ ቀጋ የጽጌረዳ ዘመድ መሆኑን፣ እንዲያውም የአገራችን የራሷ ጽጌረዳ መሆኑን ቢነግሯቸው ልጆችዎ ደስ ይላቸዋል። አጋምን፣ አስታን፣ ቀጨሞን፣ እምቧጮን እየጠሩ ይለፉ። በዓመት በዓል የገዙት ጌሾም በዚህ ከፍታ የሚበቅል ቁጥቋጦ ነው። ቅጠሉ ለጠላ፣ እንጨቱ ለጠጅ መሆኑን ለልጅዎ የሚያስረዱት እርስዎ ነዎት።

ጉብኝትዎ በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት የሆነ እንደሆነ አደይ አበባ ሜዳውን ቢጫ አድርጎት ያገኙታል። እዚያ ላይ ቆም ይበሉ። አደይ አበባ፣ በየማሳው ዳር የሚበቅለው መጭ፣ ዘይት የምናወጣበት ኑግ፣ በጾም ጊዜ ውኃውን የምንጠጣው ሱፍ፣ እነዚህ ሁሉ የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው። መጭ እንዲያውም የኑግ የቅርብ ዘመድ ነው። በእህል በረንዳ ጥቁር ፍሬ ሆኖ በጆንያ ያዩት ኑግ በማሳው ላይ የዚህ ቢጫ አበባ ወንድም እንደ ነበረ ልጅዎ ሲያውቅ፣ ገበያውና ሜዳው በአእምሮው ይገናኛሉ። ጤፍም ቢሆን የሣር ዘመድ ነው፤ ፍሬው ከማነሱ የተነሣ አንድ ግራም የሚመዝነው ከ2,500 እስከ 3,000 የሚደርስ ፍሬ ነው። ሕፃኑ አንድ ቁራሽ እንጀራ ሲጥል ስንት ሺህ ፍሬ እንደ ጣለ ቢያስቡት ምክር አያሻውም።

ከእናቶች እጅ የወጣ ሳይንስ

የእናቶች ዕውቀት ለሳይንስ ምን ያህል እንደሚጠቅም ለማስረዳት ከእንዶድ ታሪክ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ስለ ቢልሐርዝያ በሽታ ለማጥናት ወደ አድዋ ሄደው ነበር። በሽታው ወደ ሰው የሚደርሰው በውኃ ውስጥ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች በኩል ነው። ዶክተር አክሊሉ ወንዙን ሲመረምሩ፣ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት መገኘታቸውን አስተዋሉ። ከዚያ በኋላ በተደረገው ምርምር እንዶድ ቀንድ አውጣውን የሚገድል መሆኑ ተረጋገጠ። ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትም ዛሬ በዶክተር አክሊሉ ስም ይጠራል።

ልብ ይበሉ፤ ምርምሩ የተነሣው ነጠላና ጋቢ ከሚታጠብበት ወንዝ ዳር ነው። እንዶድ ልብስ እንደሚያነጻ ያወቁት፣ ፍሬውን ለይተው ለቅመው፣ አድርቀውና ወቅጠው ለአረፋ ያበቁት እናቶች ናቸው። ሊቁ ያየው የእነርሱን ሥራ ውጤት ነው። ዛሬ በየቤታችን በፓኬት ሳሙና ስለምናጥብ እንዶድን በቅጠሉ የሚያውቅ ወጣት እምብዛም አይገኝም። እንዲህ ያለ ስንት ዕውቀት ሳይጠየቅ አልፎ ይሆን ብሎ ማሰብ ተገቢ ነው።

ዕፅዋትን በመመዝገብ ረገድ አገራችን ትልቅ ሥራ ሠርታለች። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 የተጠናቀቀ ሲሆን፣ በስምንት ቅጾች ወደ 6,000 የሚጠጉ የዕፅዋት ዓይነቶችን ይዟል። ከመጽሐፉ አዘጋጆች መካከል ሴቶችም ይገኛሉ። አንደኛዋ በስዊድን የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲዋ ኢንጋ ሄድበርግ ሲሆኑ፣ ሁለተኛዋ በእንግሊዝ ተወልደው ኢትዮጵያን አገራቸው ያደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2018 ያረፉት ወይዘሮ ሱ ኤድዋርድስ ናቸው። መጽሐፉ ከሳይንሳዊው ስም ጋር ሕዝቡ ተክሉን የሚጠራበትን የአገር ስም ጭምር ይመዘግባል። ይህን የአገር ስም ለአጥኚዎች የሚነግራቸው ደግሞ በየመንደሩ ያለው አዋቂ ሰው ነው።

ማወቅ ከመሞከር ይለያል

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ እናቅርብ። ተክልን ማወቅ ማለት ቀጥፎ መሞከር ማለት አይደለም። ኮሶ መጠኑ ሲበዛ ሰውን ይጎዳል፤ የዓይን ብርሃን ያጠፋበትም ጊዜ አለ። ነፍሰ ጡር ሴት ፈጽሞ ልትጠጣው አይገባም። ዛሬ ለኮሶ ትል በጤና ጣቢያ የሚሰጥ ቀላል መድኃኒት ስላለ ዛፉን በክብር ማየት እንጂ መጠጣት አያስፈልግም። በየቆሻሻ መጣያውና በየመንገዱ ዳር የሚበቅለው አስተናግር፣ አበባው እንደ ጥሩንባ የሆነ፣ ሥሩም ቅጠሉም ፍሬውም መርዝ ነው። ለጌጥ በየግቢው የሚታየው የጉሎ ፍሬም ሕፃን ቢያኝከው ሕይወቱን አደጋ ላይ ይጥላል። ልጁ ተክሎችን በስም የሚያውቅ ከሆነ ከአደጋው ለመራቅ ይችላል። የማያውቅ ልጅ ግን ያማረውን ፍሬ ሁሉ ወደ አፉ ያደርሳል። ስለዚህ ይህ ትምህርት ለቤተሰብ ጤና ጭምር ነው።

በሌላ በኩል በጓሮ ሊተከሉና በየቀኑ ሊያገለግሉ የሚችሉትን ይለዩ። ጤና አዳም ለቡና፣ ኮሰረት ለቅቤ ማንጠሪያ፣ ጦስኝ ለሻይ፣ ኮባ ለዳቦ መጋገሪያ ቅጠል የሚሆኑ ናቸው። እንሰት በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ወደ 20 ሚሊዮን የሚሆን ሕዝብ እንደሚመግብ ለልጆች መንገር መልካም ነው። ሰፊ ግቢ የሌለው ቤተሰብ በአሮጌ ጣሳና በተሰበረ ባልዲ አፈር ሞልቶ ጤና አዳምና ኮሰረት ማብቀል ይችላል።

ለጉብኝቱ የሚያስፈልገው

ለጉብኝቱ ብዙ ወጪ አያስፈልግም። የመግቢያውን ሰዓትና ዋጋ አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል። ቦታው ብርድ ስላለው ለሕፃናት ሹራብ፣ ለአረጋውያን ጋቢ ይያዝ። መንገዱ ዳገትና ቁልቁለት ስለሆነ ጠፍጣፋ ጫማ ያድርጉ። ምሳ ዕቃና ውኃ ይያዙ፤ ነገር ግን ፌስታሉንና ጠርሙሱን መልሰው ይዘው ይውጡ። ቅጠል አይቀንጥሱ፤ ዘርም አይልቀሙ፤ እዚያ የተተከለው ሁሉ ለጥናትና ለዘር የተጠበቀ ነው። ከልጆቹ ለአንደኛው ደብተርና እርሳስ ይስጡት። ያየውን ተክል ስም ይጻፍ፤ የቅጠሉን ቅርጽ ይሣል።

ከሁሉ በላይ ግን አያትን ቤት ጠባቂ አድርገው አይተዉአቸው። ብዙ ጊዜ የቤተሰብ ሽርሽር ሲታሰብ «እማማ ይደክማቸዋል» ተብሎ የሚቀሩት እርሳቸው ናቸው። በዚህ ጉብኝት ግን ዋናዋ አስተማሪ እርሳቸው ናቸው። ሲደክማቸው ጥላ ሥር ይረፉ፤ ቤተሰቡም አብሯቸው ይቀመጥ። ልጁ በሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ስም ያንብብ፤ አያቱ ደግሞ ይህ በአገራቸው ምን ይባል እንደ ነበር፣ ለምን ይውል እንደ ነበር፣ ከብት ይበላው እንደሆነና እንዳልሆነ ይንገሩት። እርሳቸው ማንበብ ባይችሉ እሱ ያነብላቸዋል፤ እሱ ተክሉን ባያውቅ እርሳቸው ያሳውቁታል። ሰሌዳው የማይነግረው ነገር ብዙ ነው። የወይራው ጢስ ለወተት ዕቃ ምን ያህል ጊዜ እንደሚያዝ፣ ጌሾው መቼ እንደሚቀጠፍ፣ እንዶዱ እንዴት እንደሚወቀጥ በሰሌዳ ላይ አይጻፍም።

ሰው ሲሞት ስሙ ለልጆቹ ይቀራል። የተክል ስምና ሙያ ግን ሳይነገር ከቀረ ከሚያውቀው ሰው ጋር አብሮ ይቀበራል። ዛፉ ቆሞ ሳለ ስሙ ሊጠፋ ይችላል። ስሙ የጠፋ ዛፍ ደግሞ ለመቆረጥ ቅርብ ነው። ስለዚህ ውድ አንባቢያችን፣ በሚመችዎ የዕረፍት ቀን እናትዎን ወይም አማትዎን፣ ልጆችዎንም ይዘው ወደ ጉለሌ ይውጡ። በመጀመሪያው ቀን አምስት ተክል ብቻ በደንብ ቢታወቅ በቂ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ አምስት ይጨመራል። ደብተሩ ሲሞላ በየቤቱ አንድ የቤተሰብ የዕፅዋት መዝገብ ይኖራል ማለት ነው። የመጀመሪያውን ገጽ ዛሬ ማታ፣ ገና ጉለሌ ሳይሄዱ፣ አያቲቱን አስቀምጠው በመጠየቅ ሊጀምሩት ይችላሉ።